የአባባ ግዝትና የሞጣ ገንፎ

ቢቸና፣ ማክሰኞ ጠዋት

እናቴን ይዤ ከቢቸና ወደ ሞጣ የተነሳሁት እህቴ ስለወለደች ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ብሎ ወደ መንገዱ ይገባ ነበር። የእኛ ቤት ነገር ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። እህቴ ስንታየሁ ከዓመታት በፊት ሞጣ ላይ ጨርቅ የሚነግድ ጀማል የሚባል ሙስሊም አገባች፤ ሃይማኖቱንም ተቀብላ ሰዓዳ ተባለች። አባቴ ካህን አይደሉም፤ በጾም ግን ካህኑን ያስንቃሉ። የጋብቻውን ወሬ የሰሙ ዕለት ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ «በሥላሴ ገዝቻለሁ። ከእሷ ቤት እህል ውሃ የቀመሰ ከእኔ ገበታ እንዳይቆርስ» አሉ። ግዝት በእኛ አገር የቁጣ ቃል ብቻ አይደለም። ካህን ካልፈታው እንደታሰረ ይኖራል።

እማዬና አባባ ከተጋቡ ጀምሮ ገበታ ለይተው አያውቁም። አባባ እንጀራውን ባርከው የመጀመሪያውን ቁራሽ የሚሰጡት ለእሷ ነው። ስለዚህ እማዬ የልጇን ቤት አይታው አታውቅም። እኔም ሞጣ በሄድኩ ቁጥር እህቴን የማገኛት ሻይ ቤት ነበር። ሻይ ቤት ግዝት የለም። አሁን ግን አራስ ናትና ሻይ ቤት አትመጣም። በስልክም ቁርጡን ነገረችኝ፦ «እምዬ ከቤቴ ገብታ አፏን ዘግታ ከምትወጣ ብትቀር ይሻለኛል።»

ልንወጣ ስንል አባባ በር ላይ ቆመው ነበር። «ሂዱ፣ አልከለከልኩም» አሉ። «ግዝቱን ግን እንዳትረሱ።» እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

መንገድ ላይ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ፀሐይዋ ጠነከረች። ታሪፉ ሌላ፣ ረዳቱ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ መከራከሩ ስለሰለቸኝ ያለውን ከፈልኩ። እማዬ መስኮት ጥግ ተቀምጣ ፌስታሏን ታቅፋለች። ውስጡ ከአባባ ማሳ የተሰበሰበ የገብስ ዱቄት ነው፤ ለአራሷ ገንፎ።

ጥር ስለሆነ በየሜዳው ጤፍ ይወቃል፤ እብቁና የመንገዱ አቧራ ተቀላቅለው በመስኮት ይገባሉ። በግራ በኩል ጮቄ ደብዝዞ ይታያል። ደብረ ወርቅ ላይ ዳቦ ገዛሁላት፤ ቆርሳ መልሳ ጠቀለለችው። ከጎኗ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቋት።

«አራስ ልጠይቅ።»

«የማን አራስ?»

«የልጄ።»

«እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። እንግዲህ ገንፎውን እስኪጠግቡ ነው» አሉ ሽማግሌው። እማዬ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔም ያን ጊዜ የፈራሁት ምን እንደሆነ ገባኝ፤ አንዱን ቤት ስታገኝ ሌላውን ታጣለች።

ግንደወይን ሳንደርስ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። አንዱ ወጣት ዱቄቱን ፈትቶ አይቶ፣ መልሶ በደንብ አሰረላት። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሁለታችንም እንቅልፍ እየወሰደን እየነቃን ጨረስነው።

ሞጣ

እማዬ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ከለመደው አፏ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አለች።

እህቴ አልጋ ላይ ሆና፣ «አሜን፣ እምዬ» አለች። ተቃቅፈው የቆዩትን ያህል ቆዩ። ጀማል ሕፃኑን አምጥቶ እማዬ እቅፍ ውስጥ አኖረና፣ እንዳንሳቀቅ ብሎ ወደ ሱቁ ሄደ።

ሞጣ ላይ ሙስሊም ቤት ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣ፣ ክርስቲያን ጎረቤት በራሷ ድስት ታበስላለች። የእህቴ ጎረቤት እትዬ የሺም ያመጣነውን ዱቄት ወስደው ገንፎውን አገንፍተው፣ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬውን አድርገው አቀረቡ። እማዬ እጇን አልሰነዘረችም። እትዬ የሺ የግዝቱን ነገር ያውቃሉ።

«እማማ፣ ድስቱ የኔ፣ ዱቄቱ የእርስዎ። ግዝቱ የሰዓዳን ቤት እንጂ የኔን ቤት አላለም። በር ለበር ነን፤ ከኔ ዘንድ ተሻግረው ይብሉ።»

ደስ አለኝ። «እውነታቸውን ነው እማ» አልኩ።

«ልጄን ልጠይቅ መጣሁ እንጂ እግዜርን ላታልል አልመጣሁም» አለች እማዬ። «ከበላሁም እዚሁ ነው፤ ካልበላሁም እዚሁ ነው።»

እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ተይው እምዬ። ማየቴም ይበቃኛል» አለች። እንዳልበቃት ሁላችንም ሰማን።

እማዬ ሕፃኑን አተኩራ አየችው። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝና የእጅ ውሃ ጠየቀች። ታጠበች፣ አማተበች፣ ጎረሰች። እህቴ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እኔም ቀርቤ በላሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አባባን እያሰብኩ ጨነቀኝ።

መልስ

እዚያው አድረን ረቡዕ ተመለስን። ደብረ ወርቅን ስናልፍ፣ «ለአባባ ባንነግራቸውስ?» አልኳት።

«ደብቄ ከገበታቸው ብቀርብ ኃጢአቱ ለሳቸውም ይተርፋል» አለች። እማዬ ግዝቱን ከአባባ ባልተናነሰ ታምንበታለች። አምናበትም ነው የበላችው። ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ።

ቤት ደርሳ ሳታርፍ ሽሮ ሠራች፤ የረቡዕ ጾም ነውና አባባ እስከዚያ ሰዓት እህል አልቀመሱም። መሶቡን ለእሳቸው አቀረበችና የእኔንና የእሷን በትሪ አድርጋ ምድጃው ጥግ ተቀመጠች። አባባ አዩን፤ አልጠየቁም። ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ባርከው ቆረሱና፣ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ጎናቸው ዘረጉ። እማዬ የለችም። ቁራሿን እንደያዙ ቆዩ።

«ልጁ ማንን ይመስላል?» አሉ በመጨረሻ።

«ግንባሩ የእርስዎ ነው» አለች እማዬ።

ቁራሿን ወደ መሶቡ መለሱና ተነሱ። ግዝቱ የወጣው እኛን ከእህቴ ቤት ለመለየት ነበር። ሞጣ ሄጄ የተመለስኩት፣ ከገበታ የተለዩት እሳቸው መሆናቸውን ለማየት ኖሯል።

ሐሙስ ጠዋት ስነሳ ምርኩዛቸውን ይዘው በር ላይ አገኘኋቸው።

«ወዴት ነዎት አባባ?»

«የንስሐ አባቴ ዘንድ። የገዘትኩት እኔ ነኝ፤ መፍታቱ ግን የካህን ነው።»

እማዬ ከጓዳ፣ «ቁርስ ቀምሰው ይሂዱ እንጂ» አለች።

አባባ ሳይዞሩ ቆም አሉ።

«ከማን ጋር?» ብለው ወጡ።