የልጄ ሁለተኛ ስም

ልጃችን ልትወለድ ሁለት ወር ሲቀራት ለባለቤቴ የአማርኛ ስም አናወጣላትም አልኳት። የአውሮፓ ስም ይሁን፣ ማንም ሲሰማው ትርጉሙን የማይጠይቀው። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ «ፈረንጅ ነው እንዴ ያገባሁት?» ብላ ተቆጣች።

ምክንያቴን በግማሽ ታውቀዋለች። አሜሪካ የገባሁት በአክስቴ ልጅ ስም ነው። ናይሮቢ አንድ ክፍል ተከራይተን ስንኖር የእሱ የስደተኛ ኬዝ አልቆ ወደ አሜሪካ የሚበርበትን ቀን ብቻ ይጠብቅ ነበር። ታመመና በሳምንቱ ሞተ። እኔ ኬዝ የሚባል አልነበረኝም፣ መልካችን ደግሞ ይመሳሰላል። ሆስፒታል በእኔ ስም አስመዘገብኩት፣ በእኔ ስም ተቀበረ፣ እኔ እሱን ሆኜ ተሳፈርኩ። መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለው የእሱ ስም ነው። ኤርፖርት የማደርሳቸው መንገደኞችም የሚያውቁኝ በእሱ ስም ነው። እዚህ አገር በራሴ ስም የምትጠራኝ ባለቤቴ ብቻ ናት፣ እሷም ቤት ውስጥ።

ባለቤቴ የማታውቀው አክስቴ ይህን አለመስማታቸውን ነው። ልጃቸው መሞቱን ነግሬያቸዋለሁ። በእሱ ቦታ መሄዴን ግን መናገር አቃተኝ፣ ዲቪ ደረሰኝ ብዬ ዋሸሁ። አንድ ልጅ ነበር ያላቸው።

እኛ ዘንድ ለሕፃን ስም ሲወጣ ዘመድ ሁሉ ለምን እንዲህ አላችኋት ይላል፣ ቀጥሎ የአባቷ ስም አብሮ ይጠራል። የፈረንጅ ስም ብቻውን ይበቃል፣ ከኋላው ያለውን የሚጠይቅ የለም ብዬ አሰብኩ። ፈሪ ስለሆንኩ እንዲህ እንዲህ ያለውን ብዙ አስባለሁ።

ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን ሶፋ ላይ ተቀምጠን ከስልኬ የአውሮፓ ሴቶችን ስም አነብላት ጀመር። ባለቤቴ የምትሠራው አውሮራ ከተማ አረጋውያን መጦሪያ ነው፣ ያነበብኩት ስም ሁሉ እዚያ ባለቤት ነበረው። አንዱ የክፍል አሥራ አንዷ ሴትዮ ሆነ፣ «ትናከሳለች» አለችኝ። ሌላው ልጆቿ ዞር ብለው የማያዩዋት ሴት ስም ነው። ደስ ያለኝ አንድ ስም ደግሞ በዚያው ሳምንት ያረፉት የአንዲት አሮጊት ሆኖ ተገኘ። ልጄን በጠራሁ ቁጥር ዳይፐር መቀየር ትዝ እንዲለኝ ነው ወይ የምትፈልገው አለችኝ። በመጨረሻ ማንም ያልያዘው አንድ ስም ተገኘ። የየት አገር እንደሆነ ዛሬ አላስታውሰውም።

ባለቤቴ እሺ ያለችው ግን በአንድ ነገር ነው። «የመጀመሪያውን አንተ መረጥክ። ሁለተኛው ግን እንደ አገራችን የአባቷ ስም ይሆናል» አለች። ስትወልድ የሆስፒታሉን ፎርም እሷው ሞላችው። የአባት ስም ከሚለው ላይ በወረቀት የምጠራበትን የሟቹን ስም ስትጽፍ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

ባለፈው ግንቦት ልጃችን ኪንደርጋርተን ጨረሰች። ባለቤቴ ደስ ይበላቸው ብላ የሰርተፊኬቷን ፎቶ ደሴ ላሉት አክስቴ ላከች። ሙሉ ስሟ በትልቁ ተጽፎበታል። እሳቸው እንግሊዝኛ አያነቡም፣ የጎረቤት ልጅ አነበበችላቸው።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ባለቤቴ ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ላይ ሱቅ ገብታ እኔና ልጄ መኪና ውስጥ ስንጠብቃት አክስቴ ደወሉ። ሌላ ጊዜ ሰላምታቸው አያልቅም፣ ያን ቀን ልጅቷን አገናኘኝ አሉኝ። ስፒከር ላይ አደረግኳቸው።

«ስምሽ ማነው፣ የኔ እናት?»

ልጄ ትምህርት ቤት እንዳስተማሯት ሙሉ ስሟን ነገረቻቸው።

«የመጀመሪያውን ተዪው። የአባትሽን ብቻ ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው። እንደገና አሏት፣ እንደገና አለች። ጨዋታ መስሏት እየሳቀች አምስት ስድስት ጊዜ ጠራችው። በጠራችው ቁጥር «እሰይ» ይሉ ነበር፣ ድምፃቸው ግን እያነሰ ሄደ። መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ፣ ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አቋረጡኝ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሙ ጠፋ ብዬ አለቀስኩ። እዚያ ሲጠራ መኖሩን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

አልጮሁብኝም፣ አልረገሙኝም። «እሷ የልጄ ልጅ ናት። አንተ ለራስህ ሌላ ውለድ» ብለው ዘጉት።

ሌላ ብወልድም የሚጠራው በዚያው ስም ነው፤ እሳቸው ይህን ያስቡት አያስቡት አላውቅም።

ልጄ ከኋላ ወንበር «ዳዲ፣ ሁ ዎዝ ዛት?» አለችኝ።

አያትሽ ናት አልኳት። የልደት ወረቀቷም የሚለው ይህንኑ ነው።