የደም አድራቂዋ ቤት በግራና

ወልድያ፣ ንጋት 12 ሰዓት

ረዳቱ «መርሳ! አንድ ሰው!» ይላል፤ ሚኒባሱ ግን ግማሹ ባዶ ነው። ወልድያ ሕንፃ አሠራር አስተምራለሁ። ዛሬ የምሄደው የእሜት ዘሃራን ቤት ለማየት ነው። እሜት ዘሃራ በሕይወት ሳሉ ደም አድራቂ ነበሩ፤ የገዳይና የሟች ወገን በእሳቸው አዳራሽ ተቀምጦ ይታረቅ ነበር። ባለደሞቹ ደጅ ላይ እንዳይጋጠሙ ቤቱን ባለሁለት በር አድርገው አሠሩት። ከክረምት በፊት ሊፈርስ ነው ሲሉኝ፣ ሳልለካው አይፈርስም አልኩ።

መርሳ፣ 2 ሰዓት

ብርቱካንና ማንጎ መንገዱ ዳር ተከምሯል። የግራናው ባጃጅ ሹፌር የምሄድበትን ሲሰማ ሳቀ።

«የልጅ ልጆቿ ሰይድና ይመር በውርስ ተጣልተው ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። አዳራሹን በሸራ ከፍለውታል። አላህ ይርዳህ!»

ግራና፣ 3 ሰዓት ተኩል

ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ። ታላቅየው አቶ ሰይድ በምሥራቁ በር ብቅ አሉ።

«ድርሻዬን አፍርሼ በብሎኬት እሠራበታለሁ። ምን ይለካል? ተመለስ፣ ልጄ።»

አልተመለስኩም። ከደጁ ዛፍ ሥር ተቀምጬ የፊቱን ገጽ መሳል ጀመርኩ። ፀሐዩ በረታ። አቶ ሰይድ ዙህር ሰግደው ከመስጊድ ሲመለሱ እዚያው አገኙኝ።

«አሁንም አለህ?»

«ሳልለካ አልሄድም፣ አባቴ።»

በሩን ከፈቱልኝ።

የአዳራሹን ርዝመት ለመውሰድ አቶ ሰይድ የሜትሩን ጫፍ ያዙልኝ። ሌላውን ጫፍ በሸራው ሥር አሾልኬ፣ ከወዲያ በራሱ ድርሻ ያለውን ታናሽየውን ይመርን ጠራሁት፤ ተቀበለኝ። ሜትሩ ግን ረገበ።

«አጥብቀህ ያዝ እንጂ!» አሉ አቶ ሰይድ፣ ሳያስቡት።

ሜትሩ ከወዲያ ተወጠረ።

«ይዣለሁ፣ ጋሼ» አለ ይመር።

ቀጥሎ ጣሪያውን የተሸከመውን ግንድ ማየት ነበረብኝ። ሸራው ይነሣልኝ ብዬ ለመንኩ። ሁለቱ በየጫፋቸው ገመዱን ፈቱት። ግንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ጽድ ነው። አቶ ሰይድ አንጋጠው ቆዩ።

«የኔን ድርሻ ባፈርስ ይኼ ምን ይሆናል?»

«መሀሉ ላይ ይቆረጣል። ከዚያ የወንድምዎም ወገን አይቆምም። እንጨቱ ግን ጤነኛ ነው፤ ያረጀው ቆርቆሮው ብቻ ነው።»

ይመር ወንድሙን አየ። አቶ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስንት ቆርቆሮ ይፈጃል? ጻፍልን።»

አስልቼ ጻፍኩ። ወረቀቱን ለማን እንደምሰጥ ግራ ገብቶኝ መሀላቸው ቆምኩ።

«ለሱ ስጠው» አሉ አቶ ሰይድ። «እኔ ያለ መነጽር አላነብም። እሱ ያነብልኛል።»