በበግ ጠጉር ክር የለካሁት ዘንግ

የደብራችን ወፍጮ የቆመው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነበር። ወፍጮው የሰበካ ጉባኤው ነው፤ ከሞላሌ ከተማ ወዲህ ላለነው ሌላ ቅርብ ወፍጮ አልነበረንም። ድንጋዩን የሚያዞረው የብረት ዘንግ በአንድ ከባድ የብረት አቃፊ ውስጥ ያልፋል። በአቃፊው በሁለቱም ጫፍ ቀዳዳ አለ፤ ዘንጉ በቀዳዳዎቹ ውስጥ በተገጠመ የነሐስ ቀለበት ላይ ይዞራል። ነሐሱ አለቀና ዘንጉ ብረቱን ራሱን በላው። ቀዳዳዎቹ ሞላላ ሆኑ፣ ድንጋዩ ይንገጫገጭ ጀመር፣ በመጨረሻም ቆመ። እንዲህ ያለ አቃፊ ዛሬ ገበያ ላይ አይገኝም ተባለ። እሱ ከጠፋ ወፍጮውም አበቃለት ማለት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው በደጀ ሰላሙ ተሰብስቦ መላ ሲፈልግ ቆየ። እኔ በሰው መሀል መናገር አልወድም። የቄስ ሚስት ዝምታ ያምርባታል እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ያን ቀን ግን አፌ ቀደመኝ።

«ለልጄ ይላክ» አልኩ።

ልጄ ያን ጊዜ አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ የማሽን ወርክሾፕ ትሠራ ነበር። አሥረኛ ክፍል ተፈትና ለመሰናዶ የሚያበቃ ነጥብ ስላላመጣች ቴክኒክና ሙያ ገባች፤ የብረት ሥራ ደረሳት። በእኛ አገር ብረት የሚሠራ ሰው ምን ይባል እንደነበር የማያውቅ የለም። አይጋቡትም፣ ዓይኑን ይፈሩታል። የካህን ልጅ ቀጥቃጭ ሆነች መባሉን አባቷ በሰሙ ጊዜ ሁለት ቀን አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን ጌታም በአናጢ ቤት ነው ያደገው አሉና ስንቋን እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ስለዚያች ቃል እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ደጀ ሰላሙ ላይ «ለልጄ ይላክ» ስል፣ ምላሳቸው የማያርፍ አንድ የሰበካው ሽማግሌ ከምርኩዛቸው ቀና አሉ።

«እንዝርት ማሽከርከር ያቃታት ልጅ ናት ዛሬ ብረት የምታሽከረክረው?»

ሰው ሳቀ። እውነታቸውን ነው። ልጄ ፈትል አይሆንላትም ነበር፤ ክሯ እዚህ ይወፍራል፣ እዚያ ይበጠሳል። እኔ ደግሞ በፈትል የታወቅሁ ነኝ፤ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሸማኔዎች ክሬን ይሻሙት ነበር።

«እንግዲህ ከተበላሸ» አሉ ሽማግሌው፣ «እንዝርትሽን ይዘሽ መጥተሽ ድንጋዩን አንቺ ታዞሪልናለሽ።»

«እሺ አባቴ» አልኳቸው።

አቃፊው በጭነት መኪና ሄደ። ዘንጉን አልላክነውም። እሱ ምን ሆነ? የታመመው አቃፊው ነው ብለን ነው። ልጄ ደውላ የዘንጉን ውፍረት ስትጠይቀኝ፣ ራሴ የፈተልኩትን የበግ ጠጉር ክር መሀሉ ላይ አንድ ዙር ጠመጠምኩና የተገናኘበትን ቋጠርኩት። ለአውቶቡስ ረዳት ሰጥቼ ላክሁላት። እኛ በርኖስም፣ የበር መቃንም የምንለካው በክር ነው። ኮርቼበትም ነበር።

በሳምንቱ ደወለች። ሞባይል የሚሠራው ከቤታችን በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ስለነበር እዚያ ወጥቼ ነው የሰማኋት።

«እማዬ፣ ክርሽን ሦስት ጊዜ ለካሁት። ሦስት ጊዜም ሌላ ሌላ ነገር ነገረኝ።»

«የኔ ክር?»

«የበግ ጠጉር እኮ ይለጠጣል። ማሽኑ ደግሞ የአንዲት ጠጉር ስህተት አይምርም።»

ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። የአቃፊው ግድግዳ ስለሳሳ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚበሳው አለችኝ። አዲሱ ነሐስ ተጠቅጥቆ ከገባ በኋላ ስፋቱ ተሳሳተ ብሎ ማውጣት የለም፤ አቃፊው ይሰነጠቃል። ዘንጉን በዓይኗ ሳታይ እንደማትጀምር ነገረችኝ።

የልጆቼ አባት ከጾሙ አገልግሎት መለየት አልቻሉም። ዘንጉን በባና ጠቅልዬ ራሴ ተነሣሁ። ሁለት ሰው አውቶቡስ ላይ ጫነልኝ። ረዳቱ በእግሩ ነካ አድርጎት፣ «እማማ፣ መትረየስ ነው እንዴ?» አለኝ። የወፍጮ ነው አልኩት። እስክንደርስ እግሬን ጭኜበት ሄድኩ።

ወርክሾፑ ውስጥ ያን ማሽን አየሁት። የእህል ጎተራ አጠገቡ ቢያቆሙት ያንሳል። አቃፊያችን ጠረጴዛው ላይ በብሎን ተጠፍሮ ተቀምጧል። ከፊቱ ጫፉ ላይ ስለት የያዘ ወፍራም ብረት በአግድም ወጥቷል። እንዝርት ነው፤ በጎኑ የተኛ እንዝርት። አጠገቡ ቁጥር የሚታይበት ኮምፒዩተር አለ። ልጄ ልኩን እዚያ ትጽፋለች፣ ማሽኑም በነገረችው ልክ ይሄዳል። ለወንዶቹ የተሰፋ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ እጅጌውን ጠቅልላ፣ ጠጉሯን በሻሽ አስራለች።

ዘንጉን በመለኪያ ብረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካችው። ደግማ ለካችው። ከዚያ ጠራችኝና የሁለቱን ጫፍ ቁጥር አሳየችኝ። አይመሳሰሉም። ዘንጉም ለካ ሳይታመም አልቀረም፤ አንዱ ጫፉ ሳስቷል። እኔ ክሬን ያዞርኩበት መሀሉ ላይ ግን እንደ ድሮው ወፍራም ነበር። በእሱ ልክ ቢበሳ ያ ጫፍ ሰፍቶት ሲንገጫገጭ ይኖር ነበር።

«ሁለቱን ለየብቻ እበሳቸዋለሁ» አለች። «መስመራቸው ግን አንድ ይሆናል።»

የክፍሉ ኃላፊ መጥቶ የጻፈችውን አየ። እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት። እርግጠኛ ነኝ አለችው። አማተበች፣ ቁልፉን ተጫነች።

እኔ ከማሽኑ መከለያ መስታወት ወዲህ ቆሜ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እደግም ነበር። ብረቱ እንደ ጥቁር ዱቄት ይረግፋል። ነሐሱ ገባ፣ እሱም ተራውን ተበሳ። ልጄ ዓይኗን ከቁጥሩ አልነቀለችም። እንዝርቷን ጥላ ከጥጃ ጋር ትሮጥ የነበረችው ልጅ፣ አንድም ጊዜ ወደ እኔ ዞር አላለችም።

ሲያበቃ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ዘንጉን ዘይት ቀብታ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ሰደደችው። ሳይንቋቋ ገባ።

«በአንድ ጣትሽ አዙሪው፣ እማዬ።»

አዞርኩት። ጣቴን ካነሣሁ በኋላም ዞረ። ከዚያ በኋላ ነው የጾም ምሳችንን የበላነው። ጥብስ ብትሆን እንደዚያ ሽሮ አትጣፍጠኝም።

ወፍጮው የተነሣው ትንሣኤ ሳይደርስ ነው። እኔም ቃሌ ቃል ነውና፣ ምናልባት ቢበላሽ ብዬ፣ በአንድ እጄ ገብሴን፣ በአንድ እጄ እንዝርቴን ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌው ቀድመውኝ ተሰልፈዋል። ሞተሩ ተነሣ፣ ድንጋዩ ዞረ፤ የድሮው መንገጫገጭ የለም። እሳቸው የመጀመሪያውን ዱቄት ዘግነው በጣታቸው አሹት። ልሟል። እጄን አዩ።

«አንቺ፣ ያንን እንዝርት ወደ ቤትሽ መልሺው» አሉኝ። «ልጅሽ ፈታይ ናት።»

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ገብሴን አስቀመጥኩና ከኋላቸው ተሰለፍኩ።