«መጣብዎ» ያላልሁ ቀን

ሰዎች «እሷ እኮ ተመስገን ከአፏ አይጠፋም» ብለው ሲያወድሱኝ ፊቴን አዞራለሁ። ባይጠፋስ! በምን ቀን እንደለመድሁት ቢያውቁ ባላወደሱኝ ነበር።

ጣሊያን መተማ የነበረ ጊዜ ነው። ባሌ ከአርበኞች ጋር አርማጭሆ በረሃ ገብቷል፤ እኔ ሽንፋ ወንዝ አጠገብ ሁለት ሕፃናትና አንድ የማሽላ ማሳ ይዤ ቀርቻለሁ። ያ ማሽላ ካልደረሰ የምንበላው የለንም። ከማሳዬ ጎን፣ በቀጭን ወሰን ብቻ ተለይቶ፣ የአንዲት ባልቴት ማሳ ነበር። እትዬ እላቸዋለሁ። ልጅም ዘመድም የላቸውም፤ ያላቸው ያው ማሽላቸው ነው።

ማሽላ ወተት ሲቋጥር ግሪሳ ወፍ ይመጣል። ሰማዩን አጥቁሮ ይመጣና ካረፈበት ገለባ እንጂ ፍሬ አይተውም። ስለዚህ ሁላችንም በየማሳችን ማማ ሠርተን፣ ላዩ ላይ ቆመን ድንጋይ እንወነጭፋለን፣ ጅራፍ እናጮኻለን። ነገሩ ደንብ አለው፤ ወፍ የሚነዳው ወደ ወንዙ ነው። አምልጦ ወደ ጎረቤት ከዞረ ደግሞ «መጣብሽ!»፣ «መጣብህ!» ብሎ መጮኽ ግድ ነው። ያን የሰማ ሰው ወጡን ከእሳት ላይ ትቶም ቢሆን ይሮጣል።

ያን ሰሞን ባልቴቷን ንዳድ ጣላቸው። ጠዋት ውሃ ሳደርስላቸው ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር።

«የኔንም ማሳ በዓይንሽ ጠብቂልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

«ይተኙ እትዬ፣ እኔ አለሁ» አልኋቸው።

ከቀትር በኋላ ግሪሳው መጥቶ ማሳዬ ላይ አረፈ። ወደ ወንዙ ለመንዳት ከማማው ወርጄ፣ ማሳውን ዞሬ በወዲያ በኩል መምጣት ነበረብኝ፤ እስክዞር ድረስ ግማሹን ይጨርሰዋል። ካለሁበት ብወነጭፍ ግን የሚሄደው ወደ እሳቸው ነው። ይህን አውቄዋለሁ። አላወቅሁም ብዬ እግዜርን አላታልልም። ከራስ በላይ ነፋስ አልሁና ወነጨፍሁ፤ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽሁ። ወፉ ተነሥቶ ወሰኑን ተሻገረና አረፈ።

«መጣብዎ!» አላልሁም። ቢሰሙ በንዳዳቸው ይነሣሉ፣ ይረፉ ብዬ ነው አልሁ ለራሴ። እንዲህ ያለ ደግነት!

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማሳዬን ዞሬ አየሁ፤ የማሽላው ራስ ሁሉ እንደሞላ ነው። ማማው ሥር ተንበርክኬ «ተመስገን አምላኬ፣ ማርህልኝ» አልሁ። ከልቤ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው፤ ከልቤ ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከእሸቱ የሚያምረውን መርጬ ለበኩራት ቤተ ክርስቲያን ወሰድሁ። ቄሱ በሰው ፊት መረቁኝ። ባልቴቷም በበትር ተደግፈው፣ ባዶ እጃቸውን መጥተው ነበር። ስወጣ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እግዜር ያክብርሽ። ያን ቀን ተኝቼ ድምፅሽን ስሰማው ዋልሁ። 'መጣብዎ' ትለኝ ይሆን ብዬ ጆሮዬን ባቆም፣ አላልሽም። እንግዲያማ የኔንም ወደ ወንዙ እየነዳችልኝ ነው አልሁ። ተመስገን፣ ጎረቤት ሰጠኸኝ ብዬ ዓይኔን ከደንሁ። የኔንስ የጨረሰው መቼም ኋላ የመጣ ሌላ መንጋ ነው። አንቺ ምን ታረጊ!»

ልናገር አፌን ከፈትሁ። የወጣው «አሜን» ነው።

ያን ዓመት ከማሽላዬ እያካፈልሁ አበላኋቸው። በሰጠኋቸው ቁጥር እጄን ሊስሙ ይስቡታል፤ ያንኑ የወነጨፈውን እጅ። እኔም በእፍረት እነጥቃቸዋለሁ፤ እሳቸው ትሕትና ይመስላቸዋል። «ምን ዓይነት ሰው ናት!» እያሉ ለመንደሩ ሁሉ አወሩልኝ።

ጣሊያን ወጥቶ ባሌ ከተመለሰ በኋላም፣ በየዓመቱ የመጀመሪያውን እሸት ከቤተ ክርስቲያን አስቀድሜ እሳቸው ደጅ አደርስ ነበር።

«ለሚካኤል ሳታደርሺ ለኔ ምነው?» ይሉኛል።

«ተስዬ ነው፣ እትዬ» እላቸዋለሁ።

ስለቴ ምን እንደሆነ እስኪሞቱ ድረስ አልጠየቁኝም። «ስለትሽን ይቀበልልሽ» ብቻ ይሉኝ ነበር። እኔም «አሜን» እል ነበር።