ወደ ዱመርሶ፣ ያልጨረስኩትን ትምህርት ይዤ

እሑድ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

ከቃሊቲ መናኸሪያ የተሳፈርኩት የታመመ ልጠይቅ ነው። ለባለቤቴ የነገርኳት ይህንኑ ነው፤ ውሸትም አይደለም። ዲላ ታሪክ ሳስተምር ተማሪዬ የነበረው ዘሪሁን፣ አሁን ይርጋጨፌ አጠገብ ዱመርሶ በሚባል ቀበሌ እሱም መምህር ሆኗል። ግራ ዓይኑን ካጣ ስምንት ወር አለፈው። የሰማሁት ያኔውኑ ነው፤ የምሄደው ግን ዛሬ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ለእኔ ነው።

ያልነገርኳት ሌላ ጉዳይ ይዣለሁ። ዘሪሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ፣ ከባሕር ማዶ ያለች አንዲት ትልቅ አገር ያለ ጠመንጃ ነፃነቷን እንዴት እንዳገኘች አስተምሬው ነበር። ያን ትምህርት እወደው ነበር። ነጠላ ያጣፋው ከሲታ ሽማግሌ ሕዝቡን አስከትሎ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ ሰዎቹ በዱላ እየተመቱ እጃቸውን ሳያነሱ ሲቆሙ፣ በመጨረሻም የባዕዱ ባንዲራ ሲወርድ፣ ጠመኔው እጄ ላይ እስኪሰበር ነበር የማስተምረው። ባንዲራው ወርዶ ጠመኔዬን ሳስቀምጥ ዘሪሁን እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ?»

ደወሉ ሊደወል ነው፤ ርቦኛልም። «እሱ ፈተና ላይ አይወጣም» አልኩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ ይኸው ሃያ ዓመት ሙሉ ያመኛል። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሆነውን አሳምሬ አውቀው ነበር። ያን ገጽ በየዓመቱ፣ በየክፍሉ እየዘለልኩ አልፌዋለሁ።

ሻሸመኔ ላይ ሽሮ ነው ያሉኝን ነገር በመቶ ሰማንያ ብር በላሁ። ሽሮነቱን ለመቀበል እምነት ይጠይቃል። አለታ ጩኮን ስናልፍ ዝናቡ ወረደ፤ መስኮቱ አልዘጋ ብሎኝ ግማሽ ጎኔ እንደራሰ ዲላ ገባሁ።

እሑድ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ዲላ

መናኸሪያው በር ላይ አናናስ ሻጮቹ ላስቲክ ለብሰው ቆመዋል። ባጃጆቹ ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ። የድሮ ወዳጄ ሸምሱ ጨርቅ ሱቁ ውስጥ እንደ ድሮው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አገኘሁት። ስለ ዘሪሁን ስልክ የደወለልኝ እሱ ነበር፤ አሁን ነገሩን ከሥሩ ነገረኝ።

የዘሪሁን ሰፈር ሰዎች ከወንዙ ማዶ ካሉት ጎረቤቶቻቸው ጋር በድንበር ተጣልተው ደም ፈስሶ ነበር። የሰፈሩ ወጣቶች ማዶውን ሊያቃጥሉ ሲወጡ ዘሪሁን እርጥብ ሳር ይዞ ድልድዩ ላይ ቆመ። እርጥብ ሳር በዚያ አገር የሰላም ልመና ነው፤ የያዘውን ሰው ገፍቶ ማለፍ ነውር ነው። ገፍቶ ያለፈውም የለም። ድንጋይ ግን ተወረወረ፤ የወረወረው ደግሞ የማዶ ሰው ሳይሆን የገዛ ሰፈሩ ልጅ ነው። ወጣቶቹ ድልድዩን ትተው ታች በመልካው፣ ወንዙ በእግር በሚሻገርበት በኩል ዞሩና ያሰቡትን አቃጠሉ።

«ከነገሩ ጦም እደሩ ብለህ አላስተማርከውም?» አለኝ ሸምሱ፣ እንደ ቀልድ። እሱ ሳቀ፤ እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ሰኞ፣ ዱመርሶ

ከዲላ በወናጎ በኩል ይርጋጨፌ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር ሄድኩ። ባለሞተሩ የት እንደምሄድ ሲጠይቀኝ የዘሪሁንን ስም ጠራሁ። «ለማዶ ያደረው ሰው ጋ ነው?» አለና ፊቱን አዙሮ ሞተሩን አስነሳ። አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ከላይ ዛፉ፣ ከዛፉ ሥር እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። በዚያ ቀን ግን ቤቶቹ በሙሉ የተደበቁ መሰለኝ።

ባለቤቱ ምሕረት በር ላይ ተቀበለችኝ። ዘሪሁን ከትምህርት ቤት አልተመለሰም ነበር። እዚያም ሰላም የሚለው መምህር ሁለት ብቻ እንደሆነ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን ከእሱ ክፍል እንዳስወጡ ነገረችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ዋናውን ነገር አወጣችው። በማግስቱ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ማዶ፣ ሶንጎ በሚባለው የመሰብሰቢያ ዛፍ ሥር ሊገናኙ ቀጠሮ ይዘዋል። ከዚህ ወገን ዱላ ሳይዝ የሚሻገር ሰው ቢፈለግ የተገኙት ሦስት ሽማግሌዎችና ዘሪሁን ብቻ ናቸው።

«ጋሼ፣ የቀረው አንድ ዓይን ነው» አለችኝ። «እርስዎን ይሰማል። ተው ይበሉልኝ።»

እሺ አልኳት። ይዤው የመጣሁት ገጽ ለዚህ ይረዳኛል ብዬ አሰብኩ።

ዘሪሁን ገብቶ ሲያቅፈኝ ፊቱን ማየት ከበደኝ። ፀጉሩ ከእኔ ብሶ ሸብቷል። ቆጮ በጎመን በላንና እንዳበቃን ጉሮሮዬን ጠራርጌ የዘለልኩትን ገጽ ነገርኩት። ያቺ አገር ነፃ በወጣች ማግስት ለሁለት እንደተከፈለች፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዳረደ፣ ሬሳ የሞላ ባቡር ጣቢያ ይገባ እንደነበር፣ ያ ሽማግሌም በገዛ አገሩ ሰው ጥይት እንደወደቀ፣ ሁሉንም። ሳልነግርህ የቀረሁት ይህን ነው፣ ስለዚህ ነገ አትሂድ አልኩት።

«አውቃለሁ፣ ቲቸር» አለኝ። «ፈተና ላይ አይወጣም ሲሉኝ በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አነበብኩት።»

«አንብበህ ነው ድልድዩ ላይ የቆምከው?»

«አንብቤ ነው። ያን ጊዜ ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠውስ መች ተረፈ?»

አፈርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ተናደድኩም። እኔ ሃያ ዓመት እንደ ሸክም ያዞርኩትን እሱ በአሥራ ሰባት ዓመቱ አውቆት ኖሯል። ምሕረት ወደ እኔ ሳታይ ሳህኖቹን ሰበሰበች።

ማክሰኞ፣ ድልድዩ

ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ዘሪሁን ከጓሮው ሳር አጨደ። ሽማግሌዎቹ ሦስቱም መጥተው እየተካፈሉ ያዙ። እኔና ምሕረት እስከ ወንዙ ሸኘናቸው። ድልድዩ ግንድ በግንድ የተረበረበ ነው፤ አሥር እርምጃ አይሞላም። ማዶ ጣሪያ አልባ ግድግዳዎች ይታያሉ።

አንዱ ሽማግሌ ተሻግሮ ቆመና በጌዴኦኛ አንድ ነገር አለ። ዘሪሁን ዞሮ ተረጎመልኝ፦ «እንግዳው ይምጣ፣ ሰው ቢበዛ ጥሩ ነው ይላሉ። ይመጣሉ፣ ቲቸር?»

መኪና እንዳያመልጠኝ ነው አልኩ። ምሕረትንም ብቻዋን አልተውም አልኩ። እየተናገርኩ ሳለ እግሬ ወደ ኋላ ሲሸሽ ይታወቀኝ ነበር። እሱ ግን አልተቀየመኝም፤ በሰላም ይግቡ ብሎኝ ሄደ። አራቱ እንሰቱ ውስጥ ገብተው ጠፉ። ምሕረት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ማዶውን ታይ ነበር። አምስት ሰዓት ሲሆን ተሰናብቻት ሞተር ፍለጋ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ አዲስ አበባ

ባለቤቴ የታመመው እንዴት ነው ብትለኝ ደህና ነው አልኳት። ጫማዬ ላይ የደረቀውን የዱመርሶ ጭቃ በቢላ እየፋቅሁ ስለ ራሴ አሰብኩ። ያን ገጽ የምዘለው ደወል እየቀደመኝና ለልጆቹ እያዘንኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለራሴ ነው። ባንዲራው እስኪወርድ ያለውን ማውራት ይቀላል፤ ከዚያ ወዲያ ባለው ላይ ግን ማን አብሮ ይቆማል?

አመሻሹ ላይ ምሕረት ደወለች። የማዶ ሽማግሌዎች ሳይመጡ ቀሩ። የእኛዎቹ እስኪመሽ ዛፉ ሥር ጠበቁ፤ ሳሩ እጃቸው ላይ ጠወለገ። ሲመለሱ የሰፈሩ ጎረምሶች እያፏጩባቸው አለፉ።

«ከዚያስ በኋላ?» አልኳት።

«የፊታችን ማክሰኞ ሌላ ሳር ያጭዳል» አለች። «አንዱ ሽማግሌ ከእንግዲህ አልሄድም ብሏል። ሦስት ቀርተዋል።»

እመጣለሁ እንድላት ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀችኝ። እኔ ቢላውን አንስቼ ከጫማዬ የቀረውን ጭቃ መፋቅ ቀጠልኩ።