ቆይ መታሁሽ

ዛሬ አክስቴ ደውለው ልጃቸው ወደ ጨዋታው እንደምትመለስ ነገሩኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ዘለልኩ። ቂሜ ግን አልወጣልኝም፤ ከደስታው ጎን ቁጭ ብሏል።

በከተማችን አውቶቡስ በቦምብ መፈንዳት ከጀመረ ወዲህ እናቶቻችን ከትምህርት ቤት ሌላ የትም አይሰዱንም። እኔ ከደብረ ገነት ገዳም ቅጥር ጀርባ፣ እሷ ከከተማው ሌላ ዳር ታልፒዮት ሰፈር ከጋራዦቹ በላይ ተዘግቶብናል። የምንገናኘው በኮምፒውተር ብቻ ነው። አንዳንድ ታንክ ይዘን፣ አንድ ቡድን ሆነን ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር እንዋጋለን። ከስክሪኑ ሥር በዕብራይስጥ ፊደል አማርኛ እንጻጻፋለን፤ እሷ የእኛን ፊደል አታውቅማ። እኔን አንድ መነኩሴ አስተምረውኛል፤ ይህን ሳላነሳባት የዋልኩበት ቀን የለም።

"ሀሁሽን ለመነኮሳቱ አንብቢ፤ እዚህ ተኩሺ" ትለኛለች።

"አንቺ መጀመሪያ አማርኛ ተናገሪ።"

አንድ ቀን ጠላት ድልድይ ላይ ከሁለት በኩል ያዘኝ። የእሷ ታንክ ከኋላዬ ብቅ አለችና ከሥር እንዲህ ጻፈች፦ "ቆይ መታሁሽ።"

እኔን? ያውም ከኋላ? ዞርኩና ቀድሜ ተኮስኩባት። ታንኳ ነደደች። ወዲያው የእኔም አለቀላት።

ስልኩ ጮኸ።

"አብደሻል እንዴ?"

"መታሁሽ ብለሽ ጽፈሽ የለ?"

"አዎ፣ መታሁሽ። ልረዳሽ ነዋ።"

"በመምታት ነው የምትረጂኝ? ቀናተኛ።"

"ሁለተኛ ከአንቺ ጋር ብጫወት እኔ ሰው አይደለሁም።" ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲያ ስሟ ስክሪኑ ላይ አልበራም። ብቻዬን ከማላውቃቸው ጋር ተጫወትኩ። ሲሸነፉ ዝም፣ ሲያሸንፉም ዝም። በአማርኛ የሚሰድበኝ ጠፋ። ለዚህም ጭምር ጠላኋት።

ዛሬ ታዲያ አክስቴ፣ "ለመሆኑ ምን ብላሽ ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቃቸው አላስቆም አለ።

"ጠ እኮ አይወጣላትም፣ የኔ ልጅ። ከትምህርት ቤት ስትገባ 'እማ፣ መታሁ' ትለኛለች፤ 'ማንን?' እላታለሁ።"

ለካ "ቆይ መጣሁሽ" ማለቷ ነበር። ልታድነኝ እየመጣች ነው ያቃጠልኳት። አፏ እንደሚለው ጻፈችው፤ እኔ ደግሞ ፊደል አዋቂዋ እንደተጻፈው አነበብኩት።

ስልኩን ከእናቷ ነጠቀች።

"ሰማሽ፣ መነኩሲት?"

"ሰማሁ። ጠን ተማሪ።"

"አንቺ ወደ ፊት መተኮስ ተማሪ።"

አልተሳሳምንም፣ ይቅርታም አልተባባልንም። ከእራት በፊት ግን ድልድዩ ላይ ነን። እንደ እኛ ቤት የተዘጋባችሁ ካላችሁ ኑ፤ ሦስተኛ ታንክ ይጎድለናል። ስድብ እንዳለ አውቃችሁ ግቡ። ከኋላዬ ስትደርሱ "መጣሁሽ" ብላችሁ ጻፉ፤ ጣዋን ግን በእኛ ፊደል አድርጓት። አለዚያ እተኩሳለሁ።