ጠባሳው የነበረበት ጉንጭ

እህቴ ፎቶ ቤት ገብታ ሥራ መማር የጀመረች ሰሞን፣ ቤታችን ውስጥ ፎቶ ሳይነሳ የቀረ ነገር ቢኖር ድመቷ ብቻ ነበረች፤ እሷም አልቆም ብላ ነው። እኔ እንኳ አፌን ከፍቼ ሳንኮራፋ ተነስቻለሁ። በእረፍቷ ቀን ካሜራ ተውሳ ስለምትመጣ ጎረቤቱ በካሜራው ድምፅ "ቀጭ" የሚል ስም አወጣላት።

እናታችን ግን ከድመቷ ብሳ ትሸሽ ነበር። በልጅነቷ ቡታጋዝ ፈንድቶባት፣ ቀኝ ጉንጯ ላይ ከአፏ ጥግ እስከ ጆሮዋ የሚደርስ ጠባሳ ነበራት። ካሜራ ስታይ ትዞራለች፤ ያሏት ፎቶዎች ሁሉ የግራ ጉንጯ ናቸው። አባታችን ደግሞ ገበታ ላይም ሶፋ ላይም የሚቀመጠው ሁልጊዜ በቀኟ በኩል ነው። ቦታውን ለሰው ሲለቅ አይቼው አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ መስኮት ሥር ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። ቀጭ ካሜራዋን ይዛ ፊቷ ተገተረች።

"በይ አንሺኝና ይውጣልሽ፤ መቼም አትለቂኝም" አለቻት እናቴ። ፊቷንም ሙሉ ለሙሉ ወደ ካሜራው አዞረች።

እህቴ ያን ጊዜ ኤዲት መማር ከጀመረች ገና ቅርብ ጊዜዋ ነበር። የፎቶ ቤቱ ባለቤት "ኦሪጅናሉን ሌላ ቦታ ሳትገለብጪ ምንም እንዳትነኪ" ብሎ መክሯት ነበር፤ ምክሩ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። የደንበኛ ብጉር የምታጠፋበትን ብሩሽ ይዛ ጠባሳውን ከጆሮ እስከ አፍ ጠረገችው። የግንባሯን መስመር አለሰለሰች፣ ብርሃን ጨመረች፣ በዚያው ስም ሴቭ አደረገችው። ሥራ ስትጨርስም እንደ ፎቶ ቤቱ ልማድ፣ ለነገ ደንበኞች ቦታ እንዲኖር የካሜራውን ሚሞሪ ባዶ አደረገች።

እናቴ ፎቶውን ስታይ ሳቀች። "ይቺን ቆንጆ ከየት አመጣሻት? ለወንድምሽ እጪያት እንጂ" አለች። እኛም አብረናት ሳቅን።

ወር ሳይሞላ ልቧ ቀጥ ብሎ ሞተች።

ከቀብሯ በኋላ ያንኑ ፎቶ በትልቁ አሳጥበን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ቀረብ አለና ብዙ ቆየ።

"ይቺ ማናት?"

"እማዬ ናት እኮ፣ አባዬ" አለች ቀጭ።

"እሷንስ ሞት ወሰዳት። ምናለ ፊቷን እንኳ ብትተዉልኝ" አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለን ነበር።

ቀጭ ፎቶ ቤት እየሮጠች ሄደች። ባለቤቱ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ከፍቶ ሚሞሪውን ቢያስስ፣ የወጣው የማናውቃቸው ሰዎች ጉርድ ፎቶ ብቻ ሆነ። "ነግሬሽ አልነበር" ሊላት አፉን ከፈተና ፊቷን ሲያይ ተወው።

ያጠፋችውን መልሳ ለመሥራት ተነሳች። ላፕቶፕ ተውሳ የቆዳ ቀለም ማመሳሰሉን፣ ጥላ ማስገባቱን ከቪዲዮ ላይ ተማረች። እኔ የጠባሳው ጫፍ ወደ ላይ ይታጠፋል እላለሁ፣ አክስቴ ወደ ታች ነው ብላ ትከራከረኛለች። ቀጭ እያተመች ለአባቴ ታሳየዋለች።

"አይደለም። ከንፈሯ ጋ ሲደርስ ይቀጥናል።"

ታስተካክላለች።

"አይደለም ልጄ። ይሄ የሌላ ሰው ጠባሳ ነው።"

አይደለም ያለውን፣ ፎቶ ቤት የተበላሸ ፎቶ ላይ እንደሚያደርጉት፣ ጥጉን በመቀስ ቆርጣ ክምር ላይ ትጥለዋለች። ክምሩ አደገ፣ እሷ ከሳች። "እማዬ አንዴ ሞተች፣ ሁለተኛውን እኔ ገደልኳት" አለችኝ። እኔም "እህል ቅመሺ" አልኳት። እኔ እንደዚህ ነኝ፤ ሰው ሲያለቅስብኝ ብላ ከማለት ሌላ አላውቅም።

አንድ እሁድ ጠዋት አዲስ ያተመችውን ከክምሩ አጠገብ አንስታ ሰጠችው። አባቴ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ ጠባሳውን በጣቱ ተከተለው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ይኸው። እሷ ናት። በይ ስቀያት" አለ። ወንበሩንም ወደ ግድግዳው፣ እንደ ልማዱ በቀኟ በኩል አስጠጋ።

የሳቅሁት እኔ ነኝ፣ ከደስታዬ ብዛት። ቀጭ ግን ፎቶውን ከእጁ ተቀብላ ደርቃ ቀረች። ምን ሆነች ብዬ ሄጄ አየሁት። ጥጉ ተቆርጧል። አዲሱን ያነሳች መስሏት ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ነው የሰጠችው፤ አባቴ ራሱ የሌላ ሰው ነው ያለውን።

"ጠፍታበታለች" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ "እኔ ነኝ ያጠፋሁበት።"

ላጽናናት ፈልጌ፣ እኔ በደንብ አስታውሰዋለሁ፣ ልንገርሽና ሥሪው ልላት ዓይኔን ጨፈንኩ። የእናቴ ጉንጭ መጣልኝ። ጠባሳው ግን እህቴ የሠራችው ነበር።